አማት፣ አማችና አንድ ጆሮ

ደልመር አማቱን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳያናግራቸው ኖረ። ተኳርፈው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም በዚህ ሜዳ ላይ እንደ እነሱ የሚከባበሩ አማትና አማች አልነበሩም። በእኛ በላኮታዎች፣ በአሜሪካ ሜዳ ነባር ሕዝብ፣ ደንብ አማች አማቱን ፊት ለፊት አያይም፣ አያናግርም፤ አማትም እንዲሁ። የዛሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እነሱ አማቶቻቸውን በስማቸው ይጠራሉ፣ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ እያደረጉ መኪና ያውሱኝ ይላሉ። ይሳቁ፣ ጊዜው የእነሱ ነው። ደልመርና አማቱ ወይዘሮ ኦፓል ግን በድሮው ደንብ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ደንቡንም የያዙት ተገደው ሳይሆን ወደውት ነው።

ደልመር የተወለደው ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ቼሪ ክሪክ ነው። እናቱን አያውቃትም፤ ጡት ሳይጥል ነው የሞተችበት። አባቱ ፈረስ ገሪ ነበር፤ አንድ ቀን ያልተገራ ፈረስ ላይ፣ ሌላ ቀን ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ልጁ ሜዳ ላይ ብቻውን ይውላል። እዚያ ደግሞ ለልጅ የምትሆን ጓደኛ ብትኖር ፒስፒዛ ናት። የድመት ግልገል የምታክል፣ ሆዷ የሞላ፣ ጅራቷ አጭር፣ መልኳ እንደ አፈሩ የሆነ እንስሳ። ስትጮህ ቡችላ ስለምትመስል ነጮቹ የሜዳ ውሻ ይሏታል፤ ዝምድናዋ ግን ከሽኮኮ ጋር ነው። ብቻዋን መኖር አይሆንላትም። ቤተሰብ ከቤተሰብ፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ ተጠጋግተው መንደር መሥርተው ነው የሚኖሩት። ደልመር በሆዱ ተኝቶ ሲያያቸው ይውል ነበር። ሁለት ፒስፒዛዎች ሲገናኙ አፍ ለአፍ ገጥመው ይሳሳማሉ። ዘመድ ከሆኑ አብረው ይግጣሉ፣ ባዕድ ከሆኑ ይባረራሉ። እናት የሌለው ልጅ ይህን እያየ ምን ያስብ እንደነበር ተናግሮ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሲያድግ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። ልጆች ሲረብሹ መኪናውን ዳር ያወጣና ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንድ ሁለቴ እንዲህ ካደረገ በኋላ የሚረብሽ ጠፋ። ማርሊስ እዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ለሁለት ሰው የሚበቃ አፍ ስለነበራት የደልመር ዝምታ አላስቸገራትም። ተጋቡ፤ ከእናቷ ከወይዘሮ ኦፓል ቤት አጠገብም አንድ ተጎታች ቤት አቁመው መኖር ጀመሩ። ልጅ አልወለዱም።

ማርሊስ በእናቷና በባሏ መሐል ነበረች። ለወግ ያህል አይደለም የምለው። ፒክአፑን ደልመር ይነዳል፣ ኦፓል በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ፣ ማርሊስ መሐል ትሆናለች። ማዕድ ላይም እንዲሁ ነው።

«ማርሊስ፣ ሾርባው ጨው አንሶት እንደሆነ ሰውዬውን ጠይቂው» ይላሉ ኦፓል፣ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ሰክተው።

«ጨው አንሶታል ወይ ትልሃለች።»

«ኧረ ልክ ነው። እጅዎ ይባረክ በያቸው።»

«እጅሽ ይባረክ ይላል።»

«ሰምቻለሁ በይው።»

«ምነው፣ እኔ ስልክ ነኝ?» ትላለች ማርሊስ፤ ሁለቱም ይስቃሉ፤ አንዱ ወደ መስኮቱ፣ ሌላው ወደ ሾርባው።

ስኳር በሽታ የማርሊስን ኩላሊት ቀስ በቀስ በልቶ በበረዶው ወራት ገደላት። ከቤቱ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ከአባቷ አጠገብ ቀበሯት። ለቅሶው አልቆ ሰው ሲበተን ሁሉም የጠበቀው ደልመር ወደ ቼሪ ክሪክ፣ ወደ ወንድሙ ቤት እንዲመለስ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ወደ ወገኖቹ መሄዱ ነውር የለውም። ደልመር ግን መሄድ አልፈለገም። ፈረሶቹ እዚህ ናቸው፣ የማርሊስ መቃብር እዚህ ነው። ከሁሉም በላይ ኦፓልን ይወዳቸው ነበር። እናት ማለት ምን እንደሆነ ያወቀው በእሳቸው ነው፤ ያውም በጎን ዓይኑ እያየ፣ በሰው አፍ እየሰማ። ልቆይ ወይ ብሎ እንዳይጠይቅ የሚጠይቅለት ሰው የለም። እሳቸውም ቆይልኝ ለማለት ቢፈልጉ የሚልኩት ሰው የላቸውም። እናም በዚያ ቅዝቃዜ እሳቸው እራቱን በሳህን ከድነው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ወደ መኝታ ክፍላቸው ይገባሉ፤ እሱ ይበላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ እንጨቱን በሩ ላይ ከምሮ ይወጣል። ሁለት ሐዘንተኞች አንድ ግቢ ውስጥ፣ ሐዘናቸውን ለየብቻ ይዘው።

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል ፒስፒዛዎቹ መንደራቸውን ማደስ ጀመሩ። መንደሩ ከበረንዳው ፊት ለፊት ጀምሮ እስከ ጅረቱ ይደርሳል። አንዳንድ ጎረቤት መርዝ አድርጉበት ይላል፤ ከብት ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብቶ እግሩን ይሰብራል ብሎ ነው። ኦፓል እሺ ብለው አያውቁም። ፒስፒዛ የጋጠችው ሣር አጭር ቢሆንም ለጋ ነው፤ ፈረሶቹም ሌላውን ሜዳ ትተው እዚያ ነው የሚግጡት። ለበረንዳው በጣም ቅርብ የሆነው የአፈር ቁልል የአንዲት አሮጊት ፒስፒዛ ነበር። አንድ ጆሮዋን ጭልፊት ይሁን ሌላ አውሬ ወስዶባታል። ሌሎቹ ሲግጡ እሷ በሁለት እግሯ ቆማ፣ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣጥፋ፣ መንገዱን ትጠብቃለች።

አንድ ጠዋት ደልመር ፒክአፑ ሥር ተኝቶ ዘይት ሲቀይር ኦፓል በረንዳው ላይ ወጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንቺ አንድ ጆሮ!» አሉ ወደ መንደሩ ዞረው። «የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲንጠባጠብ አደረ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለነገሩ አንቺ ለቧንቧ ምን ትሆኚኛለሽ!»

ብለው ወደ ቤት ገቡ። ደልመር ከፒክአፑ ሥር ተስቦ ወጣና ዘይት የነካው እጁን ጠረገ። ከዚያ መፍቻውን አንሥቶ ሄደ። ሲጨርስም በረንዳው ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጎረቤቶች! ቧንቧው ጎማው አልቆ ነው፣ ተቀይሯል። ሌላም የሚንጠባጠብ ነገር ካለ አትፈሩ፣ ተናገሩ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ሰማ። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላማ አንድ ጆሮ ሥራ በዛባት። የቤቱ ወሬ ሁሉ በእሷ በኩል ሆነ። የእሷ ያልሆነውንም ጥፋት መሸከም ጀመረች።

«አንድ ጆሮ! በጭቃ ጫማሽ ምንጣፌን ረገጥሽው። ጫማ በረንዳ ላይ ነው የሚወልቀው፤ ስንቴ ልናገር?»

አንድ ጆሮ በዕድሜዋ ጫማ አድርጋ አታውቅም። ቀና ብላ ታያቸዋለች፣ ሣሯን ታኝካለች። ደልመር ጫማውን ያወልቃል።

«አንድ ጆሮ፣ ሲጋራሽን ቀንሺ። ሳልሽ ግድግዳ ጥሶ ይሰማል።»

«አንድ ጆሮ ነገ ከተማ ትወርዳለች» ይላል እሱ ደግሞ ፈረሶቹን ሲያጠጣ። «ዱቄት ብቻ ነው የምታመጣው ወይስ ሌላም አለ?»

«የዱር ፍሬ ከተገኘ ትግዛ። የፍሬ ገንፎ አምሮኛል።»

አመሻሽ ላይ ኦፓል በረንዳው ላይ ወንበር ይዘው፣ ደልመር የፈረሶቹ በረት ጥግ ባልዲ ገልብጦ፣ ሁለቱም ወደ መንደሩ ያያሉ። ፒስፒዛዎቹ መንደራቸው ውስጥ የረዘመውን ሣር በጥርሳቸው ከርክመው ይጥሉታል፤ አይበሉትም፣ እንዳይጋርዳቸው ብቻ ነው። በተተወ ጉድጓድ የገባች ጉጉት አፋፉ ላይ ቆማ እንደ እነሱ ትመለከታለች። ድንገት አንዷ እጆቿን ወደ ሰማይ ወርውራ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ታፏጫለች። አጠገቧ ያለችው ትከተላለች፣ ከዚያ የወዲያኛዋ፣ እስከ ጅረቱ ድረስ። አማትና አማች ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓይን ለዓይን ላለመጋጠም ሲጠነቀቁ ኖረው፣ አሁን ገና አንድ ነገር አብረው ማየት ጀመሩ።

«አንድ ጆሮ» አሉ ኦፓል አንድ ምሽት። «ማርሊስ በዚህ ሰዓት ሬዲዮ ትከፍት ነበር።»

ደልመር ባልዲውን ወደ መንደሩ አስጠጋ።

«ድምፁን ከፍ አድርጋ» አለ ወደ መንደሩ።

በማግስቱ የማርሊስን ሬዲዮ አውጥቶ በረቱ መስኮት ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሽቱ ይከፈታል።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ዓመት ዞረ። በዚህ ኑሮ ያልተደሰተች ቨርና ብቻ ነበረች። ቨርና የማርሊስ ታናሽ እህት ናት፤ ራፒድ ሲቲ ነው የምትኖረው፣ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ደንባችን አማትን ዝም በል ሲል፣ የሚስትን እህት ደግሞ ቀልድባት፣ አብጠልጥላት ይላል። ቨርና በዚህ በኩል ደንቡን አሟልታ ነው የያዘችው። መኪናዋን ሳታቆም ነው የምትጀምረው።

«አንተ ቀጫጫ! አሁንም ሚስት የለህም? ወይስ ከነዚህ ከጉድጓዶቹ አንዷን አጭተሃል?»

«ሽማግሌ ልኬ ነበር። የቨርና ዋርሳ ከሆንክ አንሰጥም አሉኝ።»

«አስተዋይ ቤተሰብ ናቸው!»

ያን ዕለት ግን ስቃ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። በረቱ ድረስ ተከትላው ሄደች።

«ስማኝ። እማዬ እየደከመች ነው። እናንተ ደግሞ አትነጋገሩም። ብትወድቅ ለማን ትጮሃለች? ለአይጥ?»

«አይጥ አይደለችም።»

«ከፈለገች ዝንጀሮ ትሁን! ከተማ ውስጥ ለአረጋውያን የሚሆን ቤት አለ፣ ሊፍት ያለው፣ ነርስ ያለው። አንተ እስካለህ ድረስ አልነካትም። መሄድ ያሰብክ ቀን ግን ንገረኝ፤ ያኔውኑ መጥቼ እወስዳታለሁ። እዚህ ብቻዋን አትቀርም።»

ደልመር አንገቱን ነቀነቀ። ኦፓል ያንን ኮረብታ ትተው ሊፍት ያለው ቤት ቢገቡ ዓመት እንደማይቆዩ ሁለቱም ያውቁታል።

የዚያን ዓመት ሙቀት ሲበረታ በሽታ ገባ። ቁንጫ የሚያመጣው፣ አንድ መንደር ፒስፒዛ በአጭር ጊዜ የሚጨርስ በሽታ አለ። በጅረቱ በኩል ያለው ሠፈር መጀመሪያ ዝም አለ። የጎሳው የዱር እንስሳ ቢሮ ሰዎች መጥተው በየጉድጓዱ ቁንጫ የሚገድል ዱቄት ነፉ፤ ግን ዘግይቷል። ዝምታው ወደ ቤቱ እየቀረበ መጣ። ማታ ማታ ፉጨቱ ይጀምርና መሐል ላይ ይቋረጣል፣ የሚቀበል የለማ። ጉጉቷም ሄደች። የሚከረክመው የጠፋው ሣር መርዘም ጀመረ።

አንድ ጠዋት ደልመር ከበረቱ ጀርባ ኮርቻ ሲያጸዳ የኦፓልን ድምፅ ሰማ። ከጥጉ ብቅ ሲል ጀርባቸው ብቻ ታየው። ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ አንድ ጆሮ ቁልል ድረስ ሄደው፣ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ጆሮ ራሷ ከፊታቸው ነች፣ እሱ አያያትም። እንደ ወትሮው ጮክ ብለው አልነበረም የሚናገሩት።

«አንድ ጆሮ» አሉ። «ደክሞሻል፣ ይታየኛል። ልጄን ከቀበርን ጀምሮ ብቻዬን እንዳልሆን እዚህ ጠብቀሽኛል። ይበቃሻል። ወደ ወገኖችሽ ሂጂ። ስለ እኔ አታስቢ፤ እኔ አልይዝሽም።»

ደልመር ጨርቁን አስቀመጠ። አንድ ዓመት ሙሉ ለአንድ ጆሮ የተነገረ ቃል ሁሉ ለእሱ ነበር። ጫማው፣ ሲጋራው፣ ዱቄቱ። ይህም ለእሱ መሆኑን አልተጠራጠረም። ያውም እንዴት ባለ ደግነት! አላባረሩትም፣ አመስግነው ነው ያሰናበቱት። ለእኔ ስትል አትታሰር፣ ወደ ወንድምህ ሂድ ነው የሚሉት። እኔ መሄድ አልፈልግም ብሎ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ግን አማቱ በክብር የተናገሩትን ቃል እንዲያጥፉ ማድረግ ነውር መሰለው። 

«እሺ» አለ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ኮርቻውን አንሥቶ ወደ ተጎታች ቤቱ ገባ። ኦፓል ከቀበቷቸው ማንኪያ አውጥተው አፈር ሲጭሩ አላየም።

በሚቀጥሉት ቀናት የሚጠገነውን ሁሉ ጠገነ። ጣሪያውን ደፈነ፣ እንጨት ከመረ። ከዚያ ለቨርና ደወለላት።

«ልሄድ ነው። መጥተሽ እናትሽን ውሰጃቸው።»

ቀልድ ጠበቀ። አልመጣም።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችና ዘጋች።

ቅዳሜ ቨርና ካርቶን ጭና መጣች። ደልመር ኮርቻውን ፒክአፑ ላይ አስሮ ጨርሷል። ኦፓል ወጥ ቤት ውስጥ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ምንም አላሸጉም። ቨርና አንዱን ካርቶን ዘርግታ ቆመች፤ እናቷን አየች፣ በሩ ላይ ባርኔጣውን ይዞ የቆመውን ሰው አየች። ካርቶኑን ጣለችው።

«ቁጭ በል» አለችው። እሷም ወንበር ስባ በሁለቱ መሐል ተቀመጠች። ያ ቦታ የማን እንደነበር ሦስቱም ያውቃሉ። «ማርሊስ የሠራችውን ዛሬ እኔ ልሥራ። እማዬ፣ ሰውዬውን ለምን አባረርሽው?»

ኦፓል ከመስኮቱ ዞሩ። «እኔ? እሱ ነው እንጂ ኮርቻውን የጫነው! ልለምነው ነበር እንዴ?»

«ሂድ ብለውኛል በያቸው» አለ ደልመር ወለሉን እያየ።

«መቼ አልኩ በይው!»

«ለአንድ ጆሮ ነግረዋታል። ደክሞሻል፣ ወደ ወገኖችሽ ሂጂ ብለዋል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት በያቸው።»



«ቨርና» አሉ ኦፓል ቀስ ብለው፤ «አንድ ጆሮን ነው ያናገርኩት በይው።»

«እሱንማ አውቃለሁ በያቸው። ሁልጊዜስ አንድ ጆሮን አይደለም ወይ?»

«አይ! አንድ ጆሮን! ራሷን! እያጣጣረች ነበር እኮ፣ እጄ ላይ ነው የሞተችው!»

«ታዲያ እኔ በምን ልወቅ በያቸው! ጫማሽን አውልቂ ስትባል ያወለቅሁት እኔ ነኝ! ሲጋራ ቀንሺ ስትባል የቀነስኩት እኔ ነኝ!»

ቨርና ሁለቱን እያፈራረቀች ታይ ነበር። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እስኪያማት ሳቀች፤ ስትቀና ግን ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር።

«ሁለት ሽማግሌዎች፣ የሞተች ፒስፒዛ አጣልታችሁ!» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «በቃ፣ አሁን እንደ ሰው ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ማንም አይሰማችሁም።»

ደልመር ባርኔጣውን አዞረው። ኦፓል ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

«በመሐላችን ያለው ቦታ የማርሊስ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዘልዬው አላልፍም በይው።»

«እኔም በያቸው» አለ ደልመር።

ቨርና ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ አላለችም። ግን እሷም የራሷ ጭንቀት አለባት።

«እኔ ሰኞ ሥራ እገባለሁ፣ ስልክ አይደለሁም» አለች፤ የማን አነጋገር እንደሆነ ሲገባት ከንፈሯን ነከሰች። «እሺ፣ እስከ በረዶው። ካርቶኖቹ እዚሁ ይቀመጡ። እስከዚያ ድረስ መልእክተኛ ካላገኛችሁ፣ እማዬን እወስዳታለሁ።»

ከጅረቱ ማዶ፣ ከኮረብታው ጀርባ በሽታ ያልነካው የፒስፒዛ መንደር አለ። ደልመር የዱር እንስሳ ቢሮው ድረስ ሄዶ ጥቂት ቤተሰብ ስጡኝ አላቸው። ሰዎቹ መንደሩን ሌላ ቦታ ሊያዛውሩት አስበው ስለነበር ደስ አላቸው፤ የኦፓልን ሜዳ እንደገና ዱቄት ነፉበት፣ ጠበቁ፣ ከዚያ ቀን ተቆረጠ። ፒስፒዛ ከጉድጓዷ የምትወጣው በሳሙና ውሃ ነው። በትልቅ ጎማ ቱቦ አረፋ ይለቀቅባታል፤ እያስነጠሰች፣ እየተራገመች ብቅ ስትል በጓንት ትያዛለች። ዓይኗን ማጠብና ሰውነቷን በፎጣ ማድረቅ ለቨርና ደረሰ፤ በዕረፍት ቀኗ ነው የመጣችው።

«በክሊኒክ ስንት ሕፃን አጥቤያለሁ» አለች አንዲት ወጣት ፒስፒዛ ታቅፋ፤ «እንደዚች የተቆጣ አላየሁም። ውይ! ነከሰችኝ!»

«ዋርሳዬን ትመስላለች» አለ ደልመር ቱቦውን እንደያዘ። «አፏ አያርፍም።»

«እንዲያውም አንተን ነው የምትመስለው። ርሳ፣ አኩርፋ፣ መልስ የላት።»

ቤተሰቡን ሳይለያዩ አምጥተው በድሮዎቹ ጉድጓዶች ውስጥ አስገቧቸው፤ እስኪለምዱ ዙሪያውን ሽቦ አጠሩ። ሽቦው ሲነሣ ግን ብዙዎቹ ሄዱ። አንዳንዱን ቀበሮ በላው፣ አንዳንዱ ወደ ቀድሞ አገሩ ኮበለለ። ደልመር በየጠዋቱ በረቱ ጥግ ቆሞ ያያል። ቁልሎቹ ባዶ ናቸው። ኦፓልም ወጥተው ያያሉ፤ ምንም ሳይናገሩ ይገባሉ። እራት በሳህን ተከድኖ ይቀመጣል፣ እንጨት ይከመራል። ደልመር ኮርቻውን ከፒክአፑ አላወረደም። አማቱ አላባረርኩም ማለታቸውን ሰምቷል፤ ቆይልኝ ማለታቸውን ግን አልሰማም። በእነዚህ ሁለት ቃሎች መሐል ያለውን ርቀት እሱ ነው የሚያውቀው።

ሣሩ ላይ የመጀመሪያው ውርጭ ባረፈበት ጠዋት ደልመር ለፈረሶቹ ገለባ ሲያወርድ ፉጨት ሰማ። ቀጭን፣ ያልተገራ ፉጨት። ዞር ሲል በአንድ ጆሮ ቁልል ላይ አንዲት ወጣት ፒስፒዛ ቆማለች። ቨርናን የነከሰችው መሰለችው። የቤቱ በር ተከፈተ፤ ኦፓል ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ጫፍ ድረስ መጡ። 

«አንቺ አዲሷ» አሉ። «ስምሽን ገና አላወጣሁልሽም። ሥራሽን ግን ልንገርሽ።»

ፒስፒዛዋ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣጥፋ ታያቸዋለች።

«እዚህ ግቢ አንድ ሰው አለ። ሠላሳ ዓመት ሰውዬው እያልኩ ነው የጠራሁት። ደንቡ ነበር። አሁን ግን አርጅቻለሁ፣ ስሙን አስተካክዬ ልሂድ።» በከዘራቸው በረንዳውን መታ አደረጉ። «ልጄ ነው። ልጄን ኮርቻህን አውርድ በይው። ቆይልኝ ትልሃለች በይው። ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።»

ፒስፒዛዋ እጆቿን ወደ ሰማይ ወረወረች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች፣ አፏጨች። ገና ልጅ ናትና ሚዛኗን ስታ በጀርባዋ ተገለበጠች። ከወዲያኛው ቁልል ሌላዋ ተቀበለቻት።

ደልመር ባርኔጣውን አወለቀ። እናት ሳይጠራ ያረጀ ሰው ነው። ወደ ፒክአፑ ሄዶ ገመዱን ፈታ። ኮርቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ በረቱ ሲያልፍ ከጭስ ማውጫው የካርቶን ጭስ ሸተተው፤ ኦፓል ምድጃውን በቨርና ካርቶኖች ለኩሰውት ነበር። ኮርቻውን በቦታው ሰቀለው።

«ሰምቷል በያቸው» አለ ሲመለስ፣ ለወጣቷ ፒስፒዛ።

ከዚያ ጫማውን በረንዳው ላይ አውልቆ ለቁርስ ገባ።